ለመንገደኛ የሚሆን የውኃ ማጣሪያ ስለ መምረጥ



ሰው ሩቅ መንገድ ሊሄድ ባሰበ ጊዜ ስንቁን አስቀድሞ ያሰናዳል። በሶው ይፈጫል፤ ቆሎው ይቈላል፤ ዳቦ ቆሎው በአቁማዳ ይቋጠራል፤ ጫማውም ይጠገናል። ስለ ውኃ ግን አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው፤ ውኃ ከየሸለቆው አይጠፋም ተብሎ ይታለፋልና። ነገር ግን መንገደኛን ከመንገድ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ የስንቅ ማነስ ሳይሆን የውኃ ክፋት ነው። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ተረት ስለ ወንዝ ሙላት የተነገረ ቢሆንም፣ በቅል ተቀድቶ ለሚጠጣው ውኃም የሚስማማ ቃል ነው። በዓይን ሲያዩት ይጠራል፤ በአፍ ሲቀምሱት ይጣፍጣል፤ ጕዳቱ ግን የሚታወቀው ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ ሰውየው ሕመሙን በበላው እህል ወይም በመታው ብርድ ያመካኛል እንጂ የጠጣውን ምንጭ አይከስስም።

በዛሬው ዘመን በእጅ ተይዞ የሚሄድ ልዩ ልዩ ዓይነት የውኃ ማጣሪያ ይሸጣል። እጅግ የሚጠቅም ዕቃ ነው። ዳሩ ግን አንዱ ከሌላው ይለያል፤ አንዱ የሚያግደውን ሌላው ያሳልፋል፤ በቆላ ደኅና ሆኖ የሚያገለግለውም በደጋ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ማጣሪያ የሚመረጠው በመልኩ ማማርና በዋጋው መወደድ ሳይሆን፣ በውኃው ውስጥ ባለው ጠላትና በሚኬድበት አገር ጠባይ መሆኑን ማስረዳት የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

ለዚህ ነገር የፍላቂት አገር መልካም ምሳሌ ይሆናል። ፍላቂት በሰሜን ወሎ ዞን በመቄት ወረዳ፣ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ከእርስዋ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ጋሸና ይገኛል፤ ከጋሸናም ተገንጥሎ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ዘልቆ ላሊበላ ያደርሳል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን፣ የጌታ ልደትና የንጉሥ ላሊበላ ልደት በአንድነት ሲከበር ብዙ ሕዝብ ከየአገሩ ወደዚያ ይጐርፋል። መኪና ያገኘ በመኪና ይሄዳል፤ ስእለት ያለበትና ገንዘብ ያጠረው ግን ዛሬም በእግሩ ይጓዛል።

የዚህ አገር ውኃ መንገደኛን በሦስት ነገር ይፈትነዋል። አንደኛ፣ በክረምት ይደፈርሳል፤ ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜና ገባሮቹ በሐምሌና በነሐሴ አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ። ሁለተኛ፣ በበጋ ውኃው ይጠራል፤ ነገር ግን ያንሳል፤ ሰውና ከብትም በአንድ ምንጭ ላይ ይጋፋሉ። ሦስተኛ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በደጋው ላይ ውርጭ ይወርዳል። ይህ ሦስተኛው ነገር ከማጣሪያ ምርጫ ጋራ ያለው ግንኙነት ወደ ፊት ይገለጣል።

አሳቡ ግልጥ እንዲሆን ምሳሌ ይነገር። ሰባት ሰዎች ከፍላቂት ተነሥተው ለገና በእግራቸው ላሊበላ ሊሄዱ ተስማሙ እንበል። ከእነርሱም አንዱ የዕድሜ ባለጸጋ ሽማግሌ፣ አንዱ የትምህርት ቤት መምህር፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዲት እናት ከስምንት ዓመት ልጅዋ ጋራ፣ ሁለቱም ጐልማሶች ነበሩ። ስንቅ ሊያዋጡ በተሰበሰቡበት ቀን ነጋዴው ከአዲስ አበባ የገዛውን ማጣሪያ ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው።

«ልጄ፣ ይህ ደግሞ ምንድር ነው? ዋሽንት ነው እንዴ?» አሉት ሽማግሌው።

«አይደለም አባቴ፤ የውኃ ማጣሪያ ነው። አንዱን ጫፍ ከወንዙ ነክረው ሌላውን ጫፍ በአፍዎ ቢስቡት ውኃው ተጣርቶ ይመጣልዎታል» አላቸው።

ሽማግሌው ሣቁና «እኛ ይህ ሳይኖር የስንቱን ወንዝ ውኃ ጠጥተን አደግን! አባቶቻችንም ላሊበላን የተሳለሙት በዚሁ ውኃ ነው» አሉ።

መምህሩ ይህን ሰምቶ «እውነት ነው አባቴ፤ እርስዎ ጠጥተው አድገዋል። ነገር ግን ከእርስዎ ጋራ ከዚያው ምንጭ ጠጥተው በልጅነታቸው የቀሩት፣ ዛሬ ከዚህ ተቀምጠው ሊመሰክሩ አይችሉም» አላቸው።

ሽማግሌው ዝም አሉ። ሁለት ታናናሾቻቸው በአንድ ክረምት በተቅማጥ ሞተው ነበርና፤ በዚያን ጊዜም በሽታው ከምን እንደ መጣ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀና ብለው «እንግዲያስ ልጄ፣ ይህ ዋሽንት የሚመስለው ነገር ሁሉንም ያግዳልን?» ብለው ጠየቁ። ማጣሪያ የሚገዛ ሰው ሁሉ ከዋጋው በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ይህንኑ ነው።

በውኃ ውስጥ ያለው ጠላት አንድ ዓይነት አይደለም። በመጠኑ ተራ ቢቀመጥ በአራት ይከፈላል። የመጀመሪያው በዓይን የሚታየው ነው፤ ይኸውም እንደ አልቅት ያለው ነው። በደጋው ምንጭ የሚገኘው ትንሽ አልቅት ከውኃ ጋራ ገብቶ በሰውና በከብት ጕሮሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ ይጣበቃል፤ ደም እየመጠጠም ያድጋል። ሁለተኛው አሜባንና ጃርዲያን የመሳሰለው የሆድ ተውሳክ ነው፤ መጠኑም ከ4 እስከ 20 ማይክሮን ይደርሳል። ማይክሮን ማለት ከሚሊ ሜትር ሺህ ክፍል አንዱ ነው፤ የሰው ራስ ጠጕር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ስለሚሆን፣ ከዚህ ማመዛዘን ይቻላል። ሦስተኛው ባክቴሪያ ነው፤ ኮሌራን፣ ታይፎይድንና ደም የቀላቀለ ተቅማጥን የሚያመጣው ይህ ነው፤ ውፍረቱም ወደ ግማሽ ማይክሮን ነው። አራተኛው ቫይረስ ነው፤ ሕፃናትን በተቅማጥ የሚጥለውና የወፍ በሽታ የተባለውን የጉበት ሕመም የሚያመጣው ከዚህ ወገን ነው። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከማይክሮን ዐሥር ክፍል አንዱን አያህልም።

ማጣሪያ እንደ ወንፊት ነው። ዐይኑ ሰፊ የሆነ ወንፊት ስንዴን ይይዛል፤ ጤፍን ግን ያሳልፋል፤ ወንፊቱ መጥፎ ስለ ሆነ ሳይሆን ለጤፍ ስላልተሠራ ነው። እንደዚሁም ዐይኑ 0.2 ወይም 0.1 ማይክሮን የሆነ ማጣሪያ አልቅትን፣ አሜባንና ባክቴሪያን ያግዳል፤ አብዛኛውን ቫይረስ ግን ያሳልፋል።

ይህ ነገር የታወቀው በብዙ ድካም ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1884 ከሉዊ ፓስተር ጋራ ይሠራ የነበረው ሻርል ሻምበርላን ቅብ ከሌለው ነጭ ሸክላ የውኃ ማጣሪያ ሠራ፤ ባክቴሪያም ሸክላውን ማለፍ አልቻለም። በ1892 በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ኮሌራ ገብቶ ከ8000 በላይ ሰው ገደለ። ሐምቡርግ የኤልቤን ወንዝ ሳያጣራ ይጠጣ ነበር። ጎረቤቱ የአልቶና ከተማ ግን የዚያኑ ወንዝ ውኃ፣ ያውም ከሐምቡርግ በታች የተቀዳውን፣ በአሸዋ እያጣራ ይጠጣ ስለ ነበር ከጥፋቱ በብዙው ተረፈ። በዚያው በ1892 ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የተባለ የሩስያ ሊቅ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ በሻምበርላን ሸክላ አጥልሎ፣ የጠለለው ጭማቂ ጤነኛውን ቅጠል ሲያሳምመው አየ። ባክቴሪያን ያገደው ሸክላ ያላገደው ይህ ነገር በኋላ ቫይረስ ተባለ። ስለዚህ የማጣሪያ ኀይልና የማጣሪያ ድካም በአንድ ዘመን የታወቁ ናቸው።

ከአገራችንም ምስክር አለ። በጋምቤላ የጊኒ ትል የሚባለው በሽታ የሚተላለፈው በኵሬ ውኃ ውስጥ ባለች፣ በዓይን ለመታየት ጥቂት በምትቀር ነፍሳት ነው። ይህችን ነፍሳት ለማገድ ረቂቅ ጨርቅ ይበቃል። ስለዚህ ከቤቱ ርቆ ለሚውል ሰው በአንገት የሚንጠለጠል፣ ጫፉ በረቂቅ ጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ ቧንቧ ይታደል ነበር። በሽታው በዓለም ላይ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1986 ወደ 3.5 ሚሊዮን ሰው ይይዝ ነበር፤ በ2023 ግን የታወቁት ሕመምተኞች 14 ብቻ ነበሩ። ለዚህም ከሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ጋራ ውኃን በጨርቅ ማጥለል ትልቅ ድርሻ አለው። ሆኖም ያንኑ ቧንቧ በኮሌራ የተበከለ ወንዝ ላይ የሚታመንበት ሰው ራሱን ያታልላል።

ጨርቅም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። በባንግላዴሽ አገር በ65 መንደሮች በተደረገው ምርመራ፣ አሮጌ የጥጥ ልብስ አራት ጊዜና ከዚያም በላይ አጥፈው ውኃውን ያጠለሉ ሴቶች ቤት የኮሌራ ሕመም ወደ ግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ውጤቱም በ2003 ታትሞ ወጣ። የኮሌራው ባክቴሪያ በውኃ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ነፍሳት ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር ከእነርሱ ጋራ በጨርቁ ይያዛል። አሮጌው ጨርቅ ከአዲሱ የተሻለው፣ ክሩ በእጥበት ብዛት ተበጥሮ ቀዳዳውን ስለሚያጠብብ ነው። እንግዲህ ምንም የሌለው መንገደኛ አንድ አሮጌ ንጹሕ አቡጀዲ ቢይዝ ከምንም ይሻለዋል፤ ከአልቅትም ይድናል። ነገር ግን ግማሽ ማለት ሙሉ አይደለም።

አሁን ወደ ሰባቱ መንገደኞች እንመለስ። መምህሩ ያሉትን የማጣሪያ ዓይነቶች አንድ በአንድ አስረዳቸው። ዋሽንት መሰሉ ማጣሪያ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ለአንድ ሰው ችግር ጊዜ ይሆናል። ነገር ግን ውኃን ለማከማቸት አይመችም፤ ወንዙን ከለቀቁ በኋላ በአምባው ላይ ለሚመጣው ጥም አይረዳም። ሰባት ሰው በአንድ አፍ ሲቀባበለውም ከወንዙ የሸሹትን በሽታ እርስ በርሳቸው ይሰጣጣሉ።

ሁለተኛው ዓይነት በከረጢት የሚሠራው ነው። ጥሬው ውኃ በከረጢቱ ተሞልቶ ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ውኃውም በራሱ ክብደት፣ ውስጣቸው ክፍት በሆኑ ረቂቅ ክሮች መካከል አልፎ ወደ ንጹሑ ዕቃ ይወርዳል። ፈጣን ነው፤ ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ሲደፈንም ንጹሕ ውኃ ወደ ኋላ ገፍቶ ማጠብ ይቻላል። ሦስተኛው የሸክላ ማጣሪያ ነው፤ ሲቈሽሽ በብሩሽ ይታጠባል፤ ነገር ግን ይከብዳል፤ ውኃውን በዝግታ ያወርዳል፤ ወድቆ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ቢያወጣም ከንቱ ይሆናል። አራተኛው በባትሪ የሚሠራ የብርሃን በትር ነው፤ ቫይረስንም ሳይቀር ይገድላል፤ ነገር ግን በድፍርስ ውኃ አይሠራም፤ ባትሪው ሲያልቅም ተራ ዱላ ይሆናል።

ከማጣሪያ ሌላ ጥንታዊውና የታመነው መንገድ ማፍላት ነው። እሳት ከአራቱም ጠላቶች አንዱን አያስቀርም። ይሁን እንጂ ከፍ ባለ አገር ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በላሊበላ ከተማ ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ አገር መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ማቈየት ይገባል። ችግሩ ማገዶ ነው፤ እንጨትና ኩበት በተወደደበት ደጋ ለሰባት መንገደኛ የቀን ውኃ ሁሉ ማፍላት አይቻልም። በክሎሪን የተሠራው፣ ውኃ አጋር የሚባለውን የመሰለ መድኃኒት ደግሞ በጽሑፉ እንደ ታዘዘው ተጨምሮ 30 ደቂቃ ሲቈይ ባክቴሪያንና ቫይረስን ይገድላል። ለድፍርስ ውኃ ግን ኀይሉ ይደክማል፤ ለቀዝቃዛም ውኃ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያሻዋል። ሽፋን ካለው የሆድ ተውሳክም አንዳንዱ ይቋቋመዋል።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ «እንግዲያስ ብቻውን የሚበቃ የለም ማለት ነው» አሉ።

«አዎን አባቴ፤ ማጣሪያው የተወውን መድኃኒቱ ይገድለዋል፤ መድኃኒቱ የተወውን ማጣሪያው ያግደዋል» አለ መምህሩ።

ቀጥሎም ሒሳቡን አሰቡ። በመንገድ የሚደክም ሰው በቀን ወደ 3 ሊትር ውኃ ቢጠጣ፣ ለሰባት ሰው 21 ሊትር፣ ማለት አንድ ትልቅ ጀሪካን ሞልቶ የሚተርፍ ያስፈልጋል። ይህን ያህል በዋሽንት መሰሉ ማዳረስ እንደማይቻል ነጋዴው ራሱ አመነ። ገንዘብ አዋጥተውም ከረጢቱን ማጣሪያ፣ አንድ ጠርሙስ የክሎሪን መድኃኒትና ሁለት ክንድ አቡጀዲ ገዙ። ዋሽንት መሰሉም ለክፉ ቀን በነጋዴው ኪስ ቀረ።

በመንገዳቸውም ላይ ሽማግሌው ከማንኛውም ማጣሪያ የሚቀድም ሥራ ሠሩ። የአገሩን ምንጭ ያውቁ ነበርና፣ ከመንደርና ከከብት መዋያ በላይ ያለውን የምንጭ ዐይን እየመረጡ ያስቀዱ ነበር። ይህ ለሁሉ የሚጠቅም ትምህርት ነው። ማጣሪያ ከመምረጥ በፊት ውኃ መምረጥ ይገባል፤ ለዚህም የአገር ሽማግሌ ዓይን የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው። ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው ደግሞ የቢልሃርዝያ ተውሳክ በቆዳ እንደሚገባ ማወቅ ያሻል፤ የሚጠጣውን አጣርቶ በዚያው ኵሬ ውስጥ የሚዋኝ ሰው በሩን ዘግቶ በመስኮት እንዳስገባ ይቈጠራል።

ከዕለታት አንድ ሌሊት በአምባው ላይ አደሩ። ማጣሪያውን እንዲይዝ የታዘዘው ጐልማሳ፣ ማታ ውኃ ካጣራበት በኋላ ከደጅ ካጥሩ ላይ ሰቅሎት ተኛ። ሌሊቱን ውርጭ ወረደ፤ ሲነጋም ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። በማጣሪያው ውስጥ የቀረው ውኃ ረግቶ ነበር፤ ፀሓይ ሲሞቅ ግን ቀለጠ፤ ከረጢቱም ተሞልቶ ውኃው እንደ ትናንቱ ጠርቶ መውረድ ጀመረ። እናቲቱም ለልጅዋ ልትቀዳ ዋንጫዋን አቀረበች።

«ቆዪ እኅቴ፤ አትስጪው» አላት መምህሩ። ነገሩንም እንዲህ ሲል አስረዳ። ውኃ ሲረጋ ያብጣል፤ ሙሉ እንስራ በውርጭ እንደሚሰነጠቅ፣ በረቂቆቹ ክሮች ውስጥ የቀረውም ውኃ ሲረጋ ክሮቹን ይሰነጥቃል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም። ውኃው ከፊት ይልቅ ፈጥኖ ቢወርድ እንጂ አይጐድልም፤ ይጠራልም። ባክቴሪያው ግን በስንጥቁ ያልፋል። አዲሱና ውኃ ያልነካው ማጣሪያ ብርድ አይጎዳውም፤ አንድ ጊዜ ከረጠበ በኋላ ግን ውርጭ ያገኘው ማጣሪያ እንደ ተበላሸ ይቈጠራል።

ነጋዴው ተቈጣ። «ይህን ያህል ገንዘብ የተዋጣበት ዕቃ በአንድ ሌሊት ብርድ ይጣል? እነሆ ውኃው ጠርቶ ይወርዳል! የተሰበረም ነገር አይታይበትም» አለ።

ጕዳዩ ለሽማግሌው ቀረበ። እርሳቸውም የልጁን ፊት ካዩ በኋላ «ልጆቼ፣ ዘበኛው ሌሊቱን ተኝቶ እንዳደረ ካወቅን፣ በሩ ተዘግቶ ብናየው እንኳ ቤቱ ደኅና ነው ብለን አንገባም። ውኃ ጠራ ማለት ነጻ ወጣ ማለት እንዳልሆነ ከቤታችን ሳንነሣ ተነግሮናል። ለራሳችን ብንዳፈር፣ ለዚህ ሕፃን በጥርጣሬ አንሰጥም» ብለው ፈረዱ።

ማጣሪያውም ተጣለ። ውኃው በአራት በታጠፈ አቡጀዲ ጠለለ፤ መድኃኒት ተጨመረበት፤ ብርድ ስለ ነበረም አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቁት። የልጁን ድርሻ ግን ካገኙት ማገዶ ላይ አፍልተው ሰጡት። ጐልማሳው አፍሮ ይቅርታ ሲጠይቅ ሽማግሌው «ጥፋቱ የአንተ ብቻ አይደለም። ዕቃውን ሰጠንህ እንጂ ጠባዩን አልነገርንህም» አሉት። መምህሩም ይህን ቃል ስለ ራሱ እንደ ተነገረ ቈጥሮ ተቀበለው፤ ነገሩን የሚያውቀው እርሱ ነበርና።

ከዚህ ምሳሌ የሚገኘው ትምህርት ለፍላቂት ብቻ አይደለም። ማጣሪያውን ማታ ውኃውን አራግፎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከጋቢ ውስጥ ከገላ አስጠግቶ ማሳደር ምንም ወጪ የለውም፤ ያልተነገረው ሰው ግን አያደርገውም። እንደዚሁ ጥሬ ውኃ የሚቀዳበትና የተጣራው የሚቀመጥበት ዕቃ ሊለዩ ይገባል፤ በአንዱ ቀይ ክር በሌላው ነጭ ክር ማሰር ይበቃል። የተጣራ ውኃ በቈሸሸ ዋንጫ ወይም በቈሸሸ እጅ ከተነካ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ድፍርስ ውኃም እንዲዘቅጥ ሳይቈይና በጨርቅ ሳይጠለል ወደ ማጣሪያው ቢገባ ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል።

ስለ ጠበልም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አንዳንድ ምእመን ውኃን ማጣራት ጠበልን መጠራጠር ይመስለዋል። ጠበሉ ሌላ፣ ጠበሉ የሚቀዳበት ዕቃና የቀጂው እጅ ሌላ ነው። ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ በሚሰበሰብበት ጊዜ መጸዳጃ ካልተዘጋጀ የሰው ዐይነ ምድር ከወራጁ ውኃ ይቀላቀላል። በ2015 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር በቋራ ወረዳ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ኮሌራ መግባቱ ይታወቃል። ስለዚህ የምንጩን ዙሪያ ማጠር፣ መጸዳጃውን ከውኃው በታችና በሩቅ መቈፈር፣ እጅን በሳሙና ወይም በአመድ መታጠብ ጠበሉን ማክበር ነው እንጂ መጠራጠር አይደለም። ከወንዙ በላይ የተጸዳዳ መንገደኛ ከታች ያለውን ወንድሙን እንደ መረዘ ይቈጠራል።

እንግዲህ ማጣሪያ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ለሻጩ አምስት ጥያቄ ያቅርብ። ዐይኑ ስንት ማይክሮን ነው? ቫይረስን ያግዳል ወይስ ከመድኃኒት ጋራ መጠቀም ያሻል? ለስንት ሰው ይበቃል? ሲደፈን በመንገድ ላይ በምን ይታጠባል? ውርጭ ቢያገኘው ምን ይሆናል? ሻጩ ለእነዚህ መልስ ከሌለው፣ ከዕቃው ጋራም መልሱ ተጽፎ ካልተገኘ፣ ገንዘቡን ይዞ መመለስ ይሻላል። በተጨማሪም ማንኛውም የዚህ ዓይነት ማጣሪያ በውኃ የሟሟውን ነገር፣ ማለት ጨውን፣ የእርሻ መርዝን፣ በስምጥ ሸለቆ አገር ጥርስን የሚያበላሸውን ፍሎራይድ እንደማያወጣ ማወቅ ይገባል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በቀላል ነገር ሊያሳዩ ይችላሉ። ጤፍና ስንዴ ቀላቅለው በወንፊት ይንፉ፤ ድፍርስ ውኃ በጠርሙስ አድርገው ሲዘቅጥ ያሳዩ፤ ከዚያም የጠራውን ውኃ አንሥተው «ይህ ይጠጣልን?» ብለው ይጠይቁ። አይጠጣም ብሎ ምክንያቱን የሚያስረዳ ልጅ ከተገኘ ትምህርቱ ገብቶታል። ሽማግሌዎችም በበኩላቸው የትኛው ምንጭ በላይ፣ የትኛው በታች እንደ ሆነ ለልጆች ያሳዩ፤ ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አይገኝምና።

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ይላል ያገራችን ሰው። ጥንቃቄ ግን በዕቃ ብቻ አይፈጸምም። ዕቃው ከነጠባዩ፣ መሣሪያው ከነሕጉ ለሰው ሲሰጥ ያን ጊዜ ይጠቅማል። ሰባቱ መንገደኞች ላሊበላ ደርሰው በዓሉን አክብረው በደኅና ወደ ፍላቂት ተመለሱ፤ ሕፃኑም በእግሩ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ። ማጣሪያውን ያጡት ሰዎች ልጁን ያላጡት፣ የሚያውቀው ሰው በጊዜው ስለ ተናገረና የሚፈርደውም ሰው ስለ ሰማው ነው።